አፍተግር ይዞ የገባ እጅ

ላሞች እጄን ይወዱታል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አዳማ ውስጥ ላም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለሌላ አላቢ የምትራገጥ ላም እኔ ባልዲዬን ይዤ ስጠጋት ትረጋለች፤ ወተቷን የምትቋጥረውም ለእኔ ትለቃለች። በዚያን ጊዜ ሰው የሚያውቀኝ በዚህ እጄ ብቻ ነበር። አሁን የምነግራችሁም ይኸው እጅ ከአንድ በረት ወደ ሌላው ምን ይዞ እንደገባ ነው።

ደሳለኝ እባላለሁ። የራሴ ላም ኖራኝ አያውቅም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በየሰው ግቢ እየዞርኩ የሰው ላም አልባለሁ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከቡልቡላ ወጥቼ አዳማ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እናትና አባቴ አርፈዋል። አንዲት እህቴ አግብታ መተሐራ ነው የምትኖረው፤ የምንደዋወለው ለበዓል ብቻ ነው። የተከራየኋት ክፍል ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን አታስቀምጥም። ስለዚህ ከጠዋቱ እለባ እስከ ከሰዓት በኋላው ድረስ ያለውን ሰዓት የማሳልፈው ከአስፋልቱ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሚያልፈውን ባጃጅ ሳይ ነበር።

ብቸኛ ነበርኩ። ያኔ ግን በዚህ ስሙ አልጠራውም፤ ሰው ከጠየቀኝ ሥራ ይበዛብኛል ነበር የምለው። አንዳንድ ቀን ዛሬ ከሰው ጋር ምን አወራሁ ብዬ ሳስብ፣ "ደህና አደራችሁ" እና "ባልዲውን አቀብሉኝ" ሲቀነስ የሚተርፍ ነገር አጣለሁ። ከላሞቹ ጋር ግን ብዙ አወራ ነበር። ላም አትመልስም እንጂ ጆሮዋን ታዞርልሃለች፤ እሱም ለእኔ ብዙ ነበር።

ከማልብላቸው አራት ቤቶች አንዱ የእትዬ አስካለ ነበር። ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ወንጂ ከአገዳ ቆራጭ አባት የተወለዱ፣ ያላገቡና ያልወለዱ ሴት ናቸው። ግራ እግራቸው በልጅነታቸው በልምሻ ቀጥኖ ስለቀረ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየገፉ ነው የሚራመዱት። ወለላ የምትባል አንዲት ክልስ ላም አለቻቸው። ኑሯቸው የሷ ወተት ነው፤ ለጎረቤት በሊትር ይሸጣሉ። ወለላ እያረጀች ነበር። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወንድ ከወለደች በኋላ በመጨረሻ ሴት ጥጃ ሰጠቻቸው። እትዬ አስካለ ጥጃዋን ባዩ ቁጥር "ጡረታዬ መጣች" ይላሉ። እናቲቱ ወተት ስታቆም የምትተካው ይቺ ጥጃ ነበረች፤ ሌላ ምንም አልነበራቸውም።

ለእኔ ደግሞ እትዬ አስካለ በከተማው ውስጥ "ቁጭ በል" የሚሉኝ ብቸኛ ሰው ነበሩ። አልቤ ስጨርስ ሻይና ዳቦ ያቀርቡልኛል። ብዙም አናወራም፤ እሳቸው ወተት ሲለኩ እኔ ዳቦዬን እበላለሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሌላ ግቢ ነው። በወንጂ መውጫ በኩል አቶ ግርማ የሚባሉ ነጋዴ አምስት የወተት ላሞች አሏቸው። ላሞቹን የሚጠብቁት ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ የቦሰት ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት ጋር የኖሩ ሽማግሌ። ስገባ አንድ አዲስ በሬ ጥግ ላይ ታስሯል። አቶ ግርማ አድልበው ሊሸጡት ከወለንጪቲ ገበያ ያስመጡት ነው። ለሃጩ እስከ መሬት ይዝረበረባል፤ ባዶ አፉን ያላምጣል፤ አንዱን እግር ያነሳና ሌላውን ያሳርፋል።

"አካም ኦልቴ፣ ደሳለኝ" አሉኝ ኦቦ ጉደታ፤ እንዴት ዋልክ ማለታቸው ነው። "ይኼን እየው። አፍተግር ነው፤ አፉንም ሰኮናውንም አቁስሎታል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ምን ይሻላል ትላለህ? የገባው ገብቷል። አንድ በአንድ ከያዛቸው ሁለት ወር ያምሰናል። ባንድ ላይ ከታመሙ ባንድ ላይ ይድናሉ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ አንድም ከብት አልሞተበትም።" ከኪሳቸው አሮጌ ጨርቅ አወጡ። "አንተ አፋቸውን ያዝልኝ፤ እጅህን ይወዱታል።"

እናንተ አሁን ትደነግጡ ይሆናል፤ እኔ ግን አልደነገጥኩም። ቡልቡላ ልጅ ሆኜ ትልልቆቹ ይህንኑ ሲያደርጉ አይቻለሁ። የታመመውን ከብት ለሃጭ በጨርቅ እየነከሩ የጤነኞቹን አፍ ያሹታል፤ መንጋው በአንድ ሰሞን ታሞ በአንድ ሰሞን ይነሳል። ለሐበሻ ከብት የተለመደ ነገር ነው። የአቶ ግርማ ላሞች ግን የፈረንጅ ዘር ያላቸው ናቸው፤ ያንን እኔም ኦቦ ጉደታም አላሰብነውም። ኦቦ ጉደታ ጨርቁን ነከሩልኝ፤ የአምስቱንም ላሞች አፍ እየከፈትኩ ምላሳቸውንና ድዳቸውን ያሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ እጄን በበርሜሉ ውኃ ለቅለቅ አድርጌ በሱሪዬ አደረቅሁና ወደ እትዬ አስካለ ሄድኩ። ወለላ ስታየኝ አንገቷን ዘረጋች። እንደ ልማዴ አንድ እፍኝ ፍሩሽካ በመዳፌ አቀረብኩላት። ፍሩሽካውን ጨርሳ መዳፌን ደጋግማ ላሰችው።

ቅዳሜ አቶ ግርማ ግቢ ስገባ አምስቱም ላሞች ተኝተው አገኘኋቸው። ትኩሳታቸው ከሩቅ ይሰማል። የአንዷን ምላስ ሳይ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ቀልቷል፤ ጡቷን ልነካ ስል በእግሯ መታችኝ። በሕይወቴ እኔን የመታች የመጀመሪያዋ ላም ነበረች። ኦቦ ጉደታ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

"የኛ ከብት እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ያ ኢልማ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ውኃ አቅርሯል።

አቶ ግርማ ከቤት ወጥተው ክንዴን ያዙኝ። "ስማ፣ እዚህ ያየኸውን ለማንም እንዳትተነፍስ። ወተቴን የሚገዛኝ አይኖርም፤ በሬውንም የሚገዛኝ አይኖርም። ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል" አልኳቸው። ማውራት ያልለመደ ሰው ምስጢር መያዝ አይከብደውም። ለማን እነግራለሁ?

ዕለቱን ሄጄ አንድ የልብስ ሳሙና ገዛሁና እጄን እስኪሳሳ አጠብኩት። እሑድ ወለላን ሳያት ጤነኛ ነበረች። ደስ አለኝ፤ አመለጥኩ ብዬ ዳቦዬን ተረጋግቼ በላሁ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ወለላ አንገቷን አልዘረጋችም። ጆሮዋን ስይዘው ያቃጥላል። ከናፍሯን ታላምጣለች፤ ከአፏ ጥግ ቀጭን ለሃጭ ተንጠልጥሏል። ያየሁትን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልገኝም ነበር።

እትዬ አስካለ ባልዲውን ይዘው ከኋላዬ መጡ። "ምን ሆነችብኝ? ትናንት ማታ ድርቆሹን ሳትጨርስ ነው ያደረች።"

"ፋጉሎው ከብዷት ይሆናል" አልኩ።

እውነቱን ብናገር የሚቀጥለው ጥያቄ "በምን አወቅህ?" እንደሚሆን አውቄዋለሁ። ከዚያ የሐሙሱ ጨርቅ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ በዚህ ቤት ቁጭ በል የሚለኝ አይኖርም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከናፍሯን እያየሁ በአንድ ትንፋሽ ነው።

ጥጃዋ ጥግ ላይ ታስራ ትጮኻለች። በእኛ አገር ላም የምትታለበው ጥጃዋ ቀድማ ጠብታ ወተቱን ካስለቀቀች በኋላ ነው። እትዬ አስካለ ወደ ጥጃዋ አዩና "ታማ ከሆነ ወተቷ አይጎዳትም? ዛሬ ባናስጠባትስ?" አሉኝ።

ቡልቡላ ያደገ ሰው የሚያውቀው ሌላም ነገር አለ። አፍተግር ሲገባ ትልልቆቹ ይከሳሉ እንጂ ይነሳሉ፤ ጥጃ ግን ቆሞ ሳለ ድንገት ወድቆ ይሞታል።

"ምንም አትሆንም" አልኳቸው።

ገመዱን የፈታሁትም እኔ ነኝ። ጥጃዋ ሮጣ ሄዳ የእናቷን ጡት ያዘች፤ ጭራዋን እያወዛወዘች ጠባች።

ቀኑን ሙሉ ዛፌ ሥር ተቀመጥኩ። ምሳ አልበላሁም። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊቴ ላይ ሲበትነው እንኳ አልተነሳሁም። ስምንት ሰዓት ሲሆን አላስችል አለኝና ያለሰዓቴ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ልነግራቸው ወስኜ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ቀድመውኝ ሐኪም አስጠርተዋል። አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ጓንት አድርጋ የወለላን ምላስ ስባ ታያለች። ምላሱ ላይ ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ወጥተዋል፤ በሰኮናዎቿም መካከል አሉ።

"አፍተግር ነው" አለች ዶክተሯ። "ክትባት ነበረው፤ አሁን ግን አልፏል። ቁስሉን እናጥባለን፣ ሌላ ጀርም እንዳይጨመርበት መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ እሷ ትድናለች ብዬ አስባለሁ። የምፈራው ለጥጃዋ ነው። ዛሬ ጠብታለች?"

"ጠዋት ጠብታለች" አሉ እትዬ አስካለ።

ዶክተሯ ወደ ጥጃዋ ዞረች። "ከአሁን ጀምሮ ወደ እናቷ አትጠጋ። ከሌላ ቤት ወተት አምጥታችሁ፣ አፍልታችሁ፣ አብርዳችሁ በጡጦ ስጧት። በሽታው የጥጃን ልብ ነው የሚይዘው። ዋናው ነገር እንዳትሯሯጥ።"

"ምን ዓይነት በሽታ ነው ልብ የሚይዝ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ቫይረስ ነው፣ እትዬ። ከቫይረሶች ሁሉ በጣም ትንንሾቹ ከሚባሉት ቤተሰብ። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፤ ሰው ላይ ጉንፋን የሚያመጣ አለ፣ ጉበት የሚይዝ አለ፣ ልምሻ የሚያመጣውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ይኼኛው የከብት ነው፤ ሰው አያሳምምም። ሰው ግን በእጁ፣ በጫማው፣ በልብሱ ይዞት ይዞራል።"

እትዬ አስካለ ቀጭን እግራቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። "እንዲህ ነው? እንግዲያ ዘመዱ እኔንም ጎብኝቶኛል" አሉ። ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ሳያቸው ግን ፈገግታ አልነበረም።

"በቅርቡ ሌላ ከብት ያለበት ቤት ውሎ የመጣ ሰው አለ?" ጠየቀች ዶክተሯ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ነገርኳቸው። ሐሙስን፣ ጨርቁን፣ ፍሩሽካውን፣ የአቶ ግርማን ላሞች። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ዶክተሯ የአቶ ግርማን ግቢ አድራሻ ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ።

"እዚህ እንደገባ መቼ አወቅህ?"

የወደቅሁበት ቦታ ይኸው ነው። እስከዚህ ድረስ ደህና ሄጄ ነበር። እትዬ አስካለ ያዩኛል።

"አሁን፣ አንቺ ስትናገሪ" አልኩ።

እትዬ አስካለ "ሳያውቅ ነው ያመጣው። ያላወቀ ሰው ላይ ምን እላለሁ?" አሉ። ከስድብ ይልቅ ያ አመመኝ።

ዶክተሯ ለሌሎቹ ሁለት ቤቶች እፊቷ እንድደውል አደረገችኝ። አንደኛዋ ላሞቿ ደህና መሆናቸውን ነግራኝ አመሰገነችኝ፤ ሁለተኛው ሰውዬ ሰድቦኝ ሁለተኛ እንዳልደርስበት ነግሮ ዘጋው። ልብሴንና ጫማዬን ሳልቀይር፣ በአቼቶ ሳልታጠብ ከዚያ ግቢ እንዳልወጣ ታዘዝኩ። እንዲያውም ጥጃዋን በየሦስት ሰዓቱ የሚያጠባት ሰው ስላስፈለገ እትዬ አስካለ "እዚሁ ሁን" አሉኝ። ጎረቤት ወተት በበር በኩል እያቀበለን እኔ ከጥጃዋ ጋር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባሁ።

ማክሰኞ በሕይወቴ ውስጥ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ከሰው ጋር ብዙ ያወራሁበት ቀን ነው። ወለላ በረቷ ውስጥ ታቃስታለች፤ ምላሷን በጨው ውኃ አጥበን እጃችንን በአቼቶ እንታጠባለን፤ ገንፎ እየመሰለ እስኪላላ የተነከረ ፍሩሽካ በትንሽ በትንሹ እናቀርብላታለን። ጥጃዋ ጡጦውን ለምዳ እኔን ስታይ ትነሳ ጀመር። እትዬ አስካለ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ወንጂ ያወሩኝ ነበር። ስለ አባታቸው፣ ስለ አገዳው እሳት፣ ስለ ጥቀርሻው። ከዚያ ስለ እግራቸው አወሩኝ፤ ከዚያ በፊት አንስተውልኝ አያውቁም።

"አራት ዓመቴ ነበር። አተኮሰኝ፤ ትኩሳቱ ሲለቀኝ እግሬም አብሮ ለቀቀኝ። ያኔ ለኛ ክትባት የሚባል አልደረሰም። እናቴ በሽታውን አልረገመችም፤ የእግዜር ነው አለች። የረገመችው ጎረቤታችንን ነው።"

"ለምን?"

"ልጇ ከእኔ በፊት ታሞ ሽባ ሆኖባት ነበር። ደበቀችው። ሰው እንዳይጠቋቆምባት ብላ ቤት ውስጥ ዘግታበት 'ዘመድ ጋ ሄዷል' ትለን ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ ከታናሽ እህቱ ጋር እጫወታለሁ። እናቴ 'በሯ ላይ ቆማ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት' እንዳለች ነው የሞተችው።"

ጡጦውን ወደ ጥጃዋ አፍ አስጠጋሁ። አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር ይለኛል ውስጤ። ግን እሳቸው ሻይ ሊያፈሉ ተነሱና ሲመለሱ ሁለት ብርጭቆ ይዘው መጡ። ብርጭቆውን ተቀበልኩ። ከጎኔ ሰው ተቀምጦ፣ እያወራኝ፣ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለጥጃዋ ጡጦዋን ሰጠኋት። ጥሩ አድርጋ ጠባች፤ አፏን በሱሪዬ ላይ ጠረገች። "ዛሬ ደህና ናት" አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበረበት። ጥጃዋ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄደች። ቆመች። አራቱም እግሮቿ ባንድ ጊዜ ከዷትና ወደቀች። ሮጬ ጭንቅላቷን ያዝኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። በረት ውስጥ ወለላ መለሰችላት። ከዚያ ጥጃዋ አልተነፈሰችም።

እትዬ አስካለ አላለቀሱም። ጉልበታቸውን በእጃቸው እየገፉ መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና የጥጃዋን ጆሮ ይዘው ቆዩ። ለዶክተሯ ደወልኩላት። ድምፁ ወደ ውጭ የሚሰማ ስልክ ስለሆነ ሁለታችንም ሰማናት።

"አዝናለሁ። ሰኞ ጠዋት ከጠባችው ወተት ሳይሆን አይቀርም። እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም፤ በትንፋሽም ይይዛል" አለች።

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ አስካለ ጆሮዋን ለቀቁና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰኞ ጠዋት ባናስጠባትስ ብዬህ ነበር።"

"አዎ።"

"ምንም አትሆንም አልከኝ።"

"አዎ።"

"ታውቅ ነበር?"

አላውቅም ነበር ብል ያምኑኝ ነበር፤ ዛሬም ይህን እርግጠኛ ነኝ። ማመን ፈልገው ነበር። ዓይናቸው እንድዋሽላቸው የሚለምን ይመስል ነበር። ጥጃዋ ሞታለች፤ እውነቱ አያስነሳትም። አንዲት የውሸት ቃል ብተነፍስ ዳቦዬም፣ ሻዬም፣ የማክሰኞው ወሬም ይቀጥላሉ።

"አውቅ ነበር፣ እትዬ። ገና ጆሮዋን ስይዘው አውቄያለሁ። ጥጃ እንደሚሞትም አውቅ ነበር። እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ነው።"

ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። "ልብስህን ቀይር፤ በአቼቶው ታጠብ። ስትወጣ በሩን ከውጭ ዝጋው" አሉኝ።

ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የሚነገር ነገር የላቸውም። ዶክተሯ እንደነገረችኝ ለረጅም ጊዜ ከብት ወዳለበት ግቢ አልገባሁም፤ ሌሎች ቤቶች ማለብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ግርማ ጉዳዩ ወደ ሐኪም በመድረሱ ተቆጥተው አሰናበቱኝ። ኦቦ ጉደታ አንድ ቀን ዛፌ ሥር መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና ሁለታችንም ባጃጅ ስናይ ቆየን። ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ተኝቼ የማስበው ግን ስለ ሐሙስ አልነበረም። የሐሙሱ ስህተት ነው፤ የአባቶቻችንን ነገር ባልሆነ ከብት ላይ ሠራነው። የሚያንገበግበኝ ሰኞ ነው፤ "ፋጉሎው ከብዷት ይሆናል" ያልኩባት ሰኞ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ስለዚያ ትንሽ ቫይረስ የማውቀው ዶክተሯ የነገረችኝን ብቻ ነው። ግን ዓይን የማያየው ነገር ከቤት ቤት እንዲሄድ የረዳሁት በእጄ ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ። አቶ ግርማ ገበያ ፈርተው ዝም አሉ፤ የወንጂዋ ጎረቤት መጠቋቆም ፈርታ ዝም አለች፤ እኔ ብቸኝነት ፈርቼ ዝም አልኩ። ሁላችንም የፈራነው ነገር እውነተኛ ነበር፤ እኔ አሁንም ብቸኝነትን እፈራለሁ። ከብታችሁ ወይም ልጃችሁ ታሞ ሰው እንዳይሰማ በሩን የዘጋችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ የመፍረድ መብት የለኝም። ጎረቤታችሁን ግን በር ላይ ጠርታችሁ ንገሯት። ብትሰድባችሁም ንገሯት።

ሁለት ወር ገደማ አልፎ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ነበሩ። ሰላምታ ሳይሰጡ "ወለላ ድናለች፤ ግን ጥጃ የላትምና ለማንም ወተቷን አልለቅ አለች" አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ጫማዬን በአቼቶ ለቅልቄ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርገው በመካከሉ ቆሙ።

"ዛሬ የት የት ገብተህ ነው የመጣኸው?"

ነገርኳቸው። የቤቶቹን ስም፣ የላሞቹን ሁኔታ፣ አንዷ ትንሽ እንደምታስል ሳይቀር። አዳመጡኝና በሩን ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ሌላ ወሬ የለንም። አልቤ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን በደራ መውጫ በኩል ወዳለ አንድ ቤት ስገባ አንዲት ጊደር ባዶ አፏን ስታላምጥ አየሁ። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ለቤቱ ባለቤት የመሰለኝን ነገርኩት፤ ለዶክተሯም ደወልኩ። ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩና ከበሩ ርቄ ቆሜ ተጣራሁ።

"የት የት ገብተህ መጣህ?" አሉ ከውስጥ።

"አልገባም፣ እትዬ። ያላማረኝ ከብት አይቻለሁ። እስኪጣራ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት አልመጣም። ላሚቱን እንደምንም ራስዎ ይለቧት።"

ልሄድ ዞር ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

"እንግዲያው እዚያው ቁም" አሉ። "አትሂድ። ምን እንዳየህ ንገረኝ፤ ከዚያ ደግሞ አንተ እንዴት እንደሆንክ ንገረኝ።"

በሩ አልተከፈተም። እሳቸው ከውስጥ፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ፣ ፀሐይዋ የበሩን ቆርቆሮ እስክታግለው ድረስ እየጮኽን አወራን።